የገና ፍቅር ከአብሮ አደግ ጋር፦ የቴሌቪዥን ፊልሞቹ ባለታሪክ ለምን ሁልጊዜ ወደ ትውልድ ከተማዋ ትመለሳለች?

ታሪኩ ሳያዩትም ይታወቃል። በኒው ዮርክ ወይም በቺካጎ ጥሩ ሥራ ያላት፣ ከስልኳ የማትለይ ወጣት ሴት ገና ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ወደ ተወለደችባት ትንሽ ከተማ ትሄዳለች። ምክንያቱ የእናት መታመም፣ የአያት ቤት መሸጥ ወይም የቤተሰቡ ዳቦ ቤት በዕዳ መያዝ ሊሆን ይችላል። አደባባዩ ላይ በመብራት ያሸበረቀ ዛፍ ቆሟል። በረዶ መጣል ጀምሯል። ሻንጣዋን እየጎተተች መንገዱን ስታቋርጥ የጥድ ዛፍ ከተሸከመ ሰው ጋር ትላተማለች። ቀና ስትል ፊቱን ታውቀዋለች። አንድ ሰፈር ያደጉ፣ አንድ ክፍል የተማሩ፣ ከተለያዩ ግን ከ10 ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች ናቸው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሁለቱ ብስኩት ይጋግራሉ፤ ዛፍ ያስጌጣሉ፤ ሊሳሳሙ ሲሉ አንድ ሰው ድንገት ይገባል ወይም ስልክ ይጮኻል። ፊልሙ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ገደማ ሲቀረው አንድ ጥያቄ ቢጠያየቁ በሚፈታ አለመግባባት ይኳረፋሉ። በገና ዋዜማ ይታረቃሉ፤ ይሳሳማሉ፤ ያልቃል። ወዲያው ሌላ ፊልም ይጀምርና ሌላ ሴት ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ ሌላ ትንሽ ከተማ ትገባለች።

በአሜሪካ፣ በካናዳ ወይም በአውሮፓ የሚኖር አንባቢ እነዚህን ፊልሞች ፈልጎ ባያያቸው እንኳ ሳያጋጥሙት አይቀሩም። ከጥቅምት መገባደጃ አንሥቶ በሆስፒታል መጠበቂያ ክፍሎች፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶችና በሆቴሎች ሳሎን ቴሌቪዥኑ በእነርሱ ላይ ተከፍቶ ይውላል። ብሪታኒያ ውስጥ ቻናል 5 ከሰዓት በኋላ ደጋግሞ ያሳያቸዋል። በፊልሞቹ መቀለድ ቀላል ነው፤ የሚቀልዱትም ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻው አይተው ነው የሚቀልዱት። ኔትፍሊክስ ራሱ በ2017 አንድን የገና ፊልም በ18 ቀናት ውስጥ በየቀኑ ያዩ 53 ሰዎች መኖራቸውን ገልጦ፣ ማን እንዲህ እንደጎዳቸው በቀልድ ጠይቋቸው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እዚህ የምንጠይቀው ግን ሌላ ነው። ፊልሞቹ ብዙ ዓይነት አፍቃሪ አላቸው፤ ማንነቱን የደበቀ ልዑል፣ ሚስቱ የሞተችበት አባት፣ ከተማዋን ገዝቶ ሊያፈርስ የመጣ ባለሀብት። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የልጅነት ጓደኛ እንዲህ ተደጋግሞ የሚመጣው ለምንድን ነው? የመልሱ ግማሽ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ሌላው ግማሽ ግን ከተወለደበት ቦታ ወጥቶ የሚኖር ሰው ሁሉ ልቡ የሚያውቀው ነው።

ከካርድ ሻጭ እስከ ፊልም አምራች

የዚህ ዓይነት ፊልም ስም በአንድ ኩባንያ ይጠራል። በ1910 ጆይስ ሆል የተባለ የ18 ዓመት ወጣት ከነብራስካ ተነሥቶ፣ በሁለት የጫማ ካርቶን የታጨቀ ፖስት ካርድ ይዞ፣ በሚዙሪ ግዛት የምትገኘው ካንሳስ ሲቲ ደረሰ። ከዚያ የተነሣው ንግድ ሆልማርክ ሆነ፤ ዛሬም በሆል ቤተሰብ እጅ ነው። ኩባንያው የመልካም ምኞት ካርድ ሲሸጥ የሸጠው ወረቀት ብቻ አልነበረም። ርቆ ለሚኖር ዘመድ የሚላክ፣ ላኪው ራሱ ያልጻፈው ነገር ግን የእርሱ የሚመስል ስሜት ነው። በኋላ የመጡትን ፊልሞች ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

ሆልማርክ ስሙን ከቴሌቪዥን የገና ዝግጅት ጋር ያቆራኘው በ1951 በገና ዋዜማ ነው። በዚያ ምሽት በኩባንያው ድጋፍ በኤንቢሲ የተላለፈው «አማል ኤንድ ዘ ናይት ቪዚተርስ» የተሰኘው የጂያን ካርሎ ሜኖቲ ኦፔራ፣ በአሜሪካ ለቴሌቪዥን ተብሎ የተደረሰ የመጀመሪያው ኦፔራ ነው። በምርኩዝ የሚሄድ አንድ ድሃ ልጅና እናቱ ሰብአ ሰገልን ስለማስተናገዳቸው የሚተርክ ነው። ከዚያ እስከ ዛሬው የብስኩት መጋገርና የዛፍ ማስጌጥ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ቁልቁለት ነው የሚሉም አይጠፉም።

ሆልማርክ ቻናል በዚህ ስሙ ሥራ የጀመረው በ2001 ነው። በ2009 ደግሞ ለገና ቀን እየቆጠረ በተከታታይ የገና ፊልሞችን የሚያሳይበትን ወቅታዊ ፕሮግራም ጀመረ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ኩባንያው በአንድ የበዓል ወቅት 40 ያህል አዳዲስ ፊልሞችን አቅርቧል። ላይፍታይም፣ ኔትፍሊክስ፣ እንዲሁም ቀድሞ የሆልማርክን ጣቢያዎች ይመሩ የነበሩት ቢል አቦት የሚመሩት ግሬት አሜሪካን ፋሚሊ በዚሁ ገበያ ይሻሙታል። ነገሩ ለማስታወቂያ ምቹ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነጋዴው ሁሉ ማስታወቂያ የሚያስነግርበት ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ የተሠራ የገና ፊልም ደግሞ እንደ ዜና አይሻግትም፤ በየዓመቱ ከሣጥኑ እንደሚወጣ የዛፍ ጌጥ ተመልሶ ይመጣል።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ፊልምን የገና ሥርዓት አካል ያደረገው አንድ የቢሮ መዘንጋት ነበር። ፍራንክ ካፕራ በ1946 የሠራው «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» በሲኒማ ቤት የወጣበትን ወጪ አልመለሰም ነበር። በ1974 የባለመብትነቱ እድሳት በወቅቱ ሳይፈጸም ቀረ። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ፊልሙን ያለ ክፍያ ማሳየት እንደሚችሉ ሲያውቁ በየገናው ደጋግመው አሳዩት፤ የተረሳው ፊልም አሜሪካውያን ቤተሰቦች በየዓመቱ የሚያዩት ሆነ። ይህን ፊልም ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለን፤ የፍቅር ታሪኩ የሁለት አብሮ አደጎች ነውና።

ዘጠኝ ገቢር፣ በሐምሌ የሚወርድ በረዶ

ፊልሞቹ የሁለት ሰዓት የቴሌቪዥን ጊዜ እንዲሞሉ ሆነው ይሠራሉ። ማስታወቂያው ሲቀነስ ለታሪኩ የሚቀረው 84 ደቂቃ ገደማ ነው። ጽሑፉ በአብዛኛው በዘጠኝ ገቢር ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ገቢር የሚዘጋው ተመልካቹ በማስታወቂያው ጊዜ ጣቢያ እንዳይቀይር በሚያደርግ ትንሽ ጥያቄ ነው። ሊሳሳሙ ሲሉ ስልኩ የሚጮኸው ደራሲው ሐሳብ ስላለቀበት አይደለም፤ ስምንተኛው ገቢር ገና ስላልተጀመረ ነው።

ቀረጻው በሁለትና በሦስት ሳምንት ያልቃል። ሥፍራው ብዙ ጊዜ ካናዳ ነው፤ በተለይ ብሪቲሽ ኮሎምቢያና ኦንታሪዮ። የካናዳ ዶላር ከአሜሪካው ረከስ ይላል፤ የሁለቱም ግዛቶች መንግሥታት ለፊልም ሠሪዎች የግብር ተመላሽ ይሰጣሉ፤ ሙያተኛውም ሞልቷል። ለምሳሌ ከኦታዋ ብዙም የማትርቀው አልሞንት የተባለች ትንሽ ከተማ፣ የቅርጫት ኳስን የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ የተወለደባት ናት፤ ዛሬ ግን የድንጋይ ሕንፃዎቿና ዋና መንገዷ በበርካታ የገና ፊልሞች ውስጥ በሌላ ስም፣ የአሜሪካ ከተማ ሆነው ይታያሉ።

ብዙዎቹ የሚቀረጹት በበጋ ወራት ነው። ሐምሌ በካናዳ እንደ አገር ቤቱ የዝናብና የጭቃ ወር አይደለም፤ ፀሐይ የሚያቃጥልበት ወር ነው። ተዋንያኑ ካፖርትና የሱፍ ሻሽ ለብሰው በላብ ተጠምቀው፣ የበረደው ሰው መስለው መዳፋቸውን ያሻሻሉ። በረዶው የተፈጨ በረዶ፣ አረፋ፣ የተከተፈ ወረቀት፣ ራቅ ብሎ ለሚታየው ደግሞ ነጭ ብርድ ልብስ ነው። ከአፋቸው እንፋሎት አለመውጣቱን ልብ የሚል ተመልካች ሚስጥሩን ያገኘዋል።

የልጅነት ጓደኛው ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ ተመልካቹን በ84 ደቂቃ ውስጥ፣ በታሪኩ አቆጣጠር ደግሞ በአሥር ቀን ገደማ፣ ሁለት ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ማሳመን አለበት። ወንዱ እንግዳ ሰው ከሆነ ይህ ከባድ ነው። የኛ እናቶች ልጃቸው ሰው ስታመጣ የሚጠይቁት የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «የማን ልጅ ነው?» የሚለው፣ በማንኛውም ቋንቋ የሚያይ ተመልካች አእምሮ ውስጥ ይነሣል። አብሮ አደግ ከሆነ ግን ጥያቄው አስቀድሞ ተመልሷል። እናቱ እናቷን ታውቃለች። አባቱ ብስክሌት መንዳት አስተምሯታል። የሃያ ዓመት መተማመን ለፊልሙ በነፃ ይሰጠዋል፤ ለማሳየት የሚያስፈልገው አንድ የቆየ ፎቶግራፍና «ታስታውሳለህ?» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ወጪውም ይቀንሳል፤ አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ዳቦ ቤትና አንድ ሳሎን ይበቃል።

ሳይንሱ ግን አይስማማም

«አብሮ አደግ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። የመቀራረብን ያህል የወንድምነትና የእህትነት ስሜትም አለው። በአንድ ግቢ አብራው ያደገችውን ልጅ «እህቴ ናት» የሚል ሰው ዘመዱ ናት ማለቱ አይደለም፤ በዚያ ዓይን አላያትም ማለቱ ነው። አዋቂዎቹ ሊያጋቡን ያስባሉ ብሎ የሚደነግጥ አብሮ አደግም ብርቅ አይደለም።

የማኅበረሰብ ተመራማሪዎች ይህን ስሜት በስም ያውቁታል። ፊንላንዳዊው ኤድቫርድ ቬስተርማርክ በ1891 ባሳተመው ስለ ጋብቻ ታሪክ የሚያወሳ መጽሐፉ፣ ከሕፃንነት ጀምሮ አብረው ያደጉ ሰዎች በሥጋ ባይዛመዱ እንኳ አንዱ ለሌላው የፍቅር መሳብ እንደማያድርበት ጻፈ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሐሳቡን የሚደግፍ የሚመስል ማስረጃ በእስራኤል የጋራ እርሻ መንደሮች፣ በኪቡትዞች፣ ተገኘ። በእነዚህ መንደሮች ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው በሕፃናት ቤት በአንድነት ያድጉ ነበር። ጆሴፍ ሼፈር የተባለ ተመራማሪ በ1971 ባወጣው ጥናት 2,769 ጋብቻዎችን ተመለከተ። ከእነዚህ ሁሉ በአንድ የሕፃናት ቡድን ካደጉ ሰዎች መካከል የተጋቡት ከ20 ጥንድ በታች ነበሩ፤ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት ሳይለያዩ አብረው ካሳለፉት ደግሞ አንድም ጥንድ አልተገኘም። መንደሩ ግን እርስ በርስ እንዳይጋቡ አልከለከላቸውም ነበር።

አሜሪካዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ አርተር ዎልፍ በታይዋን ያጠናው ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል። በዚያ አንዳንድ ቤተሰቦች ገና ሕፃን ሳለች ሴት ልጅ ወስደው ከወደፊት ባሏ ጋር እንደ ወንድምና እህት ያሳድጉ ነበር። ሲያድጉ ይጋባሉ። ዎልፍ እነዚህ ጋብቻዎች ከሌሎቹ ያነሰ ልጅ የሚወለድባቸውና በብዛት የሚፈርሱ መሆናቸውን አሳየ። ማስረጃዎቹን በሌላ መንገድ የሚተረጉሙ ምሁራን አሉ፤ ክርክሩም አልተዘጋም።

ጓደኝነት ወደ ፍቅር አይለወጥም ማለት ግን አይደለም። በካናዳ የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ መረጃ ከሰጡት ወደ 1,900 የሚጠጉ ሰዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የፍቅር ግንኙነታቸው በጓደኝነት እንደጀመረ ተናግረዋል። (ዩኒቨርሲቲው የሚገኘው ብዙዎቹ ፊልሞች በሚቀረጹበት በብሪቲሽ ኮሎምቢያ መሆኑ አጋጣሚ ነው።) ከመካከላቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ፍቅር ከመጀመራቸው በፊት በጓደኝነት የቆዩት በአማካይ ሁለት ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ነበር። ይህ በሥራ ቦታ ወይም በትምህርት ቤት የተገኘ የአዋቂ ጓደኛ ነው፤ አብሮ አፈር ፈጭቶ፣ ውሃ ተራጭቶ ያደገ ሰው አይደለም።

የፊልም ደራሲዎቹ ቬስተርማርክን አንብበው ባይሆንም መፍትሔውን ያውቁታል። መፍትሔው መለያየት ነው። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሳይለያዩ የኖሩ አብሮ አደጎች ሲፋቀሩ ማየት ብርቅ ነው። በመካከል 10 ወይም 15 ዓመት ይገባል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መነጽር ያደርግ የነበረው ቀጭን ልጅ ትከሻው የሰፋ አናጢ ይሆናል። ስትመለስ የምታገኘው ሰው የምታውቀውና የማታውቀው በአንድ ላይ ነው፤ የሚያስተማምን ለመሆን በበቂ ሁኔታ የታወቀ፣ ተፈላጊ ለመሆን በበቂ ሁኔታ እንግዳ።

ይህ ደግሞ የሰው ብቻ ሳይሆን የአገርም ነገር ነው። ለረጅም ጊዜ ርቆ ወደ ተወለደበት ሰፈር የተመለሰ ሰው የሚሰማው ይኸው ነው። መንገዱን እግሩ ያውቀዋል፤ ሱቁ ግን ሌላ ሆኗል፤ ሰላም የሚሉት ሰዎች ፊታቸው የሚያውቀው ዓይነት ሆኖ ስማቸው አይመጣለትም። ፊልሙ ይህን ግራ መጋባት ወስዶ አንድ መልከ መልካም ሰው ያደርገዋል። ባለታሪኳ የምትወድደው ሰውየውን ነው ብለን እናያለን፤ ከእርሱ ጋር የምታገኘው ግን ትታው የሄደችውን ቤት፣ የሞተችውን አያቷን፣ ሥራና ከተማ ሳይለውጣት የነበረችውን ልጅ ነው።

ሁለት ፊልሞች፣ ሁለት አመላለስ

የቅርቡን እንመልከት። ኔትፍሊክስ በኅዳር 2024 ያወጣው፣ ሊንዚ ሎሃንና ኢያን ሃርዲንግ የሚተውኑበት «አወር ሊትል ሲክሬት» (ትንሹ ምስጢራችን) የሁለት አብሮ አደጎች ታሪክ ነው። ኤቭሪና ሎጋን ከልጅነት ጓደኝነት ወደ ፍቅር ተሻግረዋል። እርሷ ለሥራ ወደ ለንደን ልትሄድ ስትል፣ በስንብት ግብዣው ላይ በሰው ሁሉ ፊት እንድታገባው ይጠይቃታል። እምቢ ትላለች፤ ይለያያሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ እያንዳንዳቸው አዲስ ፍቅረኛ ይዘው ለገና የፍቅረኞቻቸው ወላጆች ቤት ይሄዳሉ። ሁለቱ ፍቅረኞች ወንድምና እህት ናቸው። ኤቭሪና ሎጋን እንደማይተዋወቁ ሆነው በዓሉን ለማለፍ ይስማማሉ።

ፊልሙ አስቂኝ ነው፤ ክሪስተን ቼኖዌት የምትጫወታት አማትም ማንም ሊያገባባት የማይመኛት ዓይነት ናት። ለእኔ ግን ከቀልዱ ይልቅ የሚቆየው ያ የመጀመሪያው ትዕይንት ነው። የጋብቻ ጥያቄው በሌላ ዓይን ሲታይ አትሂጂ የሚል ልመና ነው። መሄድ የፈለገችን ሴት በተሰበሰበ ሰው ፊት ማቆም ፍቅር ነው ወይስ ጫና? ፊልሙ ጥያቄውን ጀምሮት ወደ ቀልዱ ያልፋል። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ፊልሞች ግን መጀመሩንም አይደፍሩትም፤ በእነርሱ ዘንድ ሴቲቱ መሄዷ ራሱ ስሕተት ነበርና።

ሁለተኛው ፊልም በታኅሣሥ 2020 በላይፍታይም የታየው «ኤ ሹገር ኤንድ ስፓይስ ሆሊዴይ» ነው። ባለታሪኳ ሱዚ በሥራዋ ወደ ላይ እየወጣች ያለች አርክቴክት ናት። ወላጆቿ ቻይናውያን አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ጫፍ በሜይን ግዛት በምትገኝ ትንሽ ከተማ የባሕር ምግብ ቤት አላቸው። በመጋገር ሙያዋ ከተማው የሚያውቃት አያቷ ሞታለች። ሱዚ የአያቷን ፈለግ ተከትላ፣ በዝንጅብል ብስኩት ትንንሽ ቤቶች በሚሠሩበት የከተማው ውድድር እንድትገባ ትገፋፋለች። የሚያግዛት ቢሊ የተባለ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ነው። ፊልሙ ላይፍታይም እስያውያን አሜሪካውያንን ዋና ባለታሪክ ያደረገበት የመጀመሪያው የገና ፊልሙ ነበር።

ንድፉ ከሌሎቹ አንድ ፀጉር አይለይም፤ ግን አንድ ነገር ብቻ መለወጡ ታሪኩን ሌላ ያደርገዋል። በተለመዱት ፊልሞች ከተማዋ የባለታሪኳ መሆኗ አያጠያይቅም፤ አያቶቿም ቅድመ አያቶቿም እዚያው ናቸው። የስደተኛ ልጅ ግን ወደ ትንሿ ከተማ ስትመለስ የምትመለሰው ወላጆቿ ራሳቸው እንግዳ ሆነው ወደገቡባት ቦታ ነው። አብሮ አደግዋ የሚሰጣት ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እዚህ እንደነበረች የሚመሰክር ሰው ነው። «ከየት ነሽ?» ተብላ ስትጠየቅ ያደገች ልጅ፣ ያንን ጥያቄ ጠይቋት የማያውቅ ሰው ማግኘቷ ምን ማለት እንደሆነ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በስቶክሆልም ወይም በቴል አቪቭ ልጅ ያሳደገ አንባቢ ይረዳዋል። ለእነዚያ ልጆች የትውልድ ከተማቸው እዚያው ነው። ወላጆቻቸው የሚመለሱበት ደግሞ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ገና፣ ታኅሣሥ 29 ነው፤ ሆልማርክ የዋናውን ወቅት ቆጠራ ከጨረሰ ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ።

የገና ፊልሞቹ ተዋንያን ለረጅም ዘመን ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ነበሩ፤ ጥቁር ተዋንያን የሚሰጣቸው የባለታሪኳ የቅርብ ጓደኛ መሆን ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይህ እየተለወጠ ነው። ለውጡ በተዋንያን ብቻ የሚለካ አይመስለኝም። ትንሿ ከተማ የማን ናት የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ነው የሚታየው፤ የሱዚ ፊልም ቀለል ባለ መንገድም ቢሆን ያነሣዋል።

ስለቀረው ሰውስ?

አሁን ወደ ወንዱ እንምጣ። ከተማዋን ያልለቀቀው አብሮ አደግ በአብዛኞቹ ፊልሞች አናጢ፣ የዛፍ እርሻ ባለቤት፣ የእንስሳት ሐኪም ወይም መምህር ነው። ቤቱ የጸዳ ነው፤ ዕዳ ቢኖርበትም ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ይከፈላል። ለ15 ዓመታት ሲጠብቃት የኖረ ይመስላል። ለምን እንዳልሄደ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም፤ ሲጠየቅም የመለሰው መልስ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ አባቱ ታሞ ነበር፣ ወይም ቦታውን ይወድዳል።

የእውነተኞቹ ትንንሽ ከተሞች ታሪክ ሌላ ነው። በአሜሪካ ገጠር ብዙ ወረዳዎች ለአሠርተ ዓመታት ወጣቶቻቸውን ለትልልቅ ከተሞች ሲገብሩ ኖረዋል። ፋብሪካ ሲዘጋ ሱቁም ይዘጋል፤ ትምህርት ቤቱ ከጎረቤቱ ጋር ይዋሐዳል። በፊልሙ ውስጥ ግን በዋናው መንገድ ላይ የመጻሕፍት መደብር፣ የአበባ መሸጫና ሁለት ዳቦ ቤቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ። የፊልሞቹ ትልቁ ተረት የሳንታ ክላውስ መኖር ሳይሆን እነዚያ ሁለት ዳቦ ቤቶች የቤት ኪራይ መክፈል መቻላቸው ነው።

«ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» የሚለየው በዚህ ነው። በጄምስ ስቱዋርት የተተወነው ጆርጅ ቤይሊ ሳይሄድ የቀረው ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓለምን ማየት ይመኛል፤ ሊነሣ ሲል ሁሌ አንድ ነገር ይይዘዋል፤ የአባቱ ሞት፣ የቤተሰቡ የብድር ተቋም፣ የባንክ መደናገጥ። ገና ልጅ ሳሉ ዶና ሪድ የምትጫወታት ሜሪ በሚሠራበት መድኃኒት ቤት መጥታ፣ ወንድሙን ከበረዶ ውሃ ሲያወጣ መስማት ባቆመው ጆሮው በኩል ፍቅሯን ታንሾካሹካለች። አይሰማትም። ሜሪ ለትምህርት ሄዳ ትመለሳለች፤ እርሱ እዚያው ነው። ሲጋቡ ለጫጉላ ጊዜያቸው ያስቀመጡት ገንዘብ የከተማውን ሰዎች ቁጠባ ለመታደግ ያልቃል።

በዚህ ፊልም ውስጥ አብሮ አደግን ማግባት ሽልማት ብቻ አይደለም፤ ሳይሄዱ የመቅረት ማኅተምም ነው። ጆርጅ ሜሪን ይወድዳታል፤ በዚያው ልክ በእርሷ ምክንያት እንዳይቀር ይፈራል፤ ፍቅሩን የሚገልጥበት ትዕይንት ግማሹ ቁጣ ነው። በገና ዋዜማ ተስፋ ቆርጦ ድልድይ ላይ የሚቆመው በዚህ ሁሉ ተጠራቅሞ ነው። ፊልሙ በደስታ ይጠናቀቃል፤ ግን ደስታው የሚመጣው የቀረው ሰው ምን እንደከፈለ ተመልካቹ አንድ በአንድ ካየ በኋላ ነው። ዛሬ በየዓመቱ ከሚወጡት ፊልሞች ብዙዎቹ ዓይናቸው ሄዳ በተመለሰችው ላይ ስለሆነ ይህን ሒሳብ አያወራርዱም። እርሱ ዛፉን ተሸክሞ በመንገዱ ዳር ይጠብቃል፤ እርሷ ስትደርስ ፈገግ ይላል።

ከ1994 ወዲህ የካፕራን ፊልም በአሜሪካ በገና ዋዜማ የሚያሳየው ኤንቢሲ ነው፤ ያው የሰብአ ሰገልን ኦፔራ ያስተላለፈው ጣቢያ። ሆልማርክ በበኩሉ የሚቀጥለውን ወቅት ፊልሞች ለመቅረጽ በረዶው እስኪጥል አይጠብቅም።